ስለተንቀጠቀጠች ብቻ ካምቢዮ አይወርድም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ አውቶማቲክ ናት፤ 140,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ነዳጁን ቀለል አድርጌ ይዤ ስነዳ፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ትንቀጠቀጣለች። ጠጠር ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ይጠፋል። አንዱ መካኒክ ‹ቶርክ ኮንቨርተሩ ሞቷል፣ ከነካምቢዮው ይቀየር› አለኝ። ሌላው ዘይት ብቻ ይቀየር አለ። ሦስተኛው ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ዘይቷ ከተነካ ካምቢዮው ይሞታል ብሎ አስፈራራኝ። ኮንቨርተሩን ፈትቶ ውስጡ ያለውን ፍሪሲዮን ብቻ መቀየርስ አይቻልም? ስታል ቴስት ይሠራላት ያሉኝም አሉ። ላሠራ?»

ከሦስቱ ለእውነት የቀረበው ሁለተኛው ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይመረምር ነው የተናገረው። የጻፉት ምልክት ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ፍሪሲዮን በሚይዝበት ሰዓት ላይ ያነጣጥራል። ግን አንድ የደከመ ካንዴላም ይህንኑ ስሜት አስመስሎ ያመጣዋል። ጥርጣሬው ሳይረጋገጥ ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው እርምጃ መጀመሪያ ላይ እንደመወሰድ ነው። ስታል ቴስቱን አያሠሩ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

«ቶርክ ኮንቨርተር ማለት የአውቶማቲክ ፍሪሲዮን ነው» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ልክ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ምርመራ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል የተቀመጠውን ይህን ዕቃ ከውጭ ሲያዩት ሁለት ጥልቅ ሳህኖች አፍ ለአፍ ገጥመው ዙሪያቸውን የተበየዱ ይመስላል። ወደ ካምቢዮው የዞረው ሳህን ውስጡ በቅጠል የተሞላ ነው፤ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ስለሆነ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል። ይህ ገፊው ነው። ዘይቱን ወደ ዳር እየወረወረ ፊት ለፊቱ ወዳለው ተርባይን ይልከዋል። ተርባይኑ ከቅርፊቱ ጋር አልተያያዘም፤ የተያያዘው ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ጋር ነው። ዘይቱ ሲመታው ይዞራል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። መብራት ላይ ፍሬን ይዘው ሲቆሙ ተርባይኑ አብሮ ይቆማል፤ ገፊው ግን ዘይቱን ማማሰሉን አያቋርጥም። ማርሽ ውስጥ ሆና ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጉልበት ማስተላለፍ ብቻ ነው። ዕቃውን «ኮንቨርተር» ያሰኘው በሁለቱ መሃል የተቀመጠው ትንሹ ስታተር ነው። ተርባይኑን መትቶ የሚመለሰው ዘይት አቅጣጫው ከገፊው ዙር ተቃራኒ ስለሆነ፣ እንዲሁ ቢተው ገፊውን ወደ ኋላ ይይዘው ነበር። ስታተሩ ዘይቱን በቅጠሎቹ አጥፎ ገፊውን በዙሩ አቅጣጫ እንዲያግዘው ያደርጋል። የወፍጮ መዘውር መትቶ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱ ሳያልቅ እንደገና ወደ መዘውሩ ቢመለስ ብለው ያስቡት። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ካምቢዮው ጋ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ሞተሩ ከሚሰጠው ወደ እጥፍ የሚጠጋው በዚህ ነው፤ እንደ አሠራሩ ከ1.8 እስከ 2.5 እጥፍ ይሆናል። በነፃ አይደለም፤ ዋጋው በፍጥነትና በሙቀት ይከፈላል። ተርባይኑ የገፊውን ፍጥነት 90 በመቶ ገደማ ሲደርስበት የስታተሩ ሥራ ያበቃል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚለቀው መያዣው ላይ በነፃ መዞር ይጀምራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ በፓተንት ሲያስመዘግብ መኪና በሐሳቡ አልነበረም፤ የመርከብ ተርባይንን ከመቅዘፊያው ጋር ለማገናኘት ነበር።

የእርስዎ ጉዳይ ያለው ግን ከገፊው፣ ከተርባይኑም ሆነ ከስታተሩ አይደለም። ዘይት ምንም ቢገፋ ተርባይኑን ከገፊው እኩል ሊያዞረው አይችልም፤ ሁልጊዜ ጥቂት ዙር ይጠፋል። የጠፋው ዙር ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ነዳጅም ይበላል። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ በተርባይኑና በፊተኛው ቅርፊት መሃል አንድ ቀጭን ፍሪሲዮን ገባ። የአሜሪካው መኪና ሠሪ ፓካርድ በ1949 እ.ኤ.አ. አውጥቶት ነበር፤ ክራይስለር በ1978 እ.ኤ.አ. ከመለሰው በኋላ ግን በሁሉም ዘንድ ተለመደ። መኪናዋ ፍጥነት ይዛ በቀላል ነዳጅ ስትሄድ ኮምፒውተሩ ለአንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የዘይት ቫልቭ) ትእዛዝ ይሰጣል፤ የዘይት ግፊት ፍሪሲዮኑን ከቅርፊቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሞተርና ካምቢዮ ያለ ዘይት አማላጅነት እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ። በቀጥታ መንገድ ላይ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ የሞተር ዙር መቁጠሪያው ሁለት ሦስት መቶ ዙር ወረድ ሲል አይተው ይሆናል፤ ብዙዎች ማርሽ የተቀየረ ይመስላቸዋል። መቆለፊያው መያዙ ነው። በአዳዲሶቹ ካምቢዮዎች ደግሞ ይህ ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ ከመያዙ በፊት ሆን ተብሎ ለረጅም ጊዜ በትንሹ እንዲንሸራተት ይደረጋል። ለነዳጅም ለምቾትም ጥሩ ነው፤ ለፍሪሲዮኑና ለዘይቱ ግን ሥራ ይበዛባቸዋል።

መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል? ከባድ ሣጥን ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲገፉ ምን እንደሚሆን ያስታውሱ። ይይዛል፣ ድንገት ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል፤ እየዘለለ ነው የሚሄደው። መቆለፊያው ፍሪሲዮንም ሊይዝ ሲል በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይዞ ከለቀቀ እርስዎ የጠጠር መንገድ ያሉት ስሜት ይፈጠራል። ይህ እንዳይሆን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ ፍሪሲዮኑ ለስለስ ብሎ እንዲይዝ የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመራል። ኬሚካሉ በሙቀትና በዕድሜ ያልቃል። ዘይቱ ገና ማለስለስ ይችል ይሆናል፤ የመያዣ ጠባዩን ግን አጥቷል። በእኔ እጅ ካለፉት የዚህ ዓይነት ቅሬታዎች በብዛት ያገኘሁት ምክንያት ይህ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያልተስማማ ዘይት መሙላት ይመጣል። ከዚያ ደግሞ የፍሪሲዮኑ መበላት፤ ከዚያ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ መድከም ወይም የቫልቩ ቀዳዳ መስፋት። አልፎ አልፎ የሚገጥመው፣ ግን ክፉው፣ የራዲያተር ውሃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር መቀላቀል ነው።

አሁን ወደ ማረጋገጫው። በደረቅ፣ ሜዳና ጭር ባለ መንገድ ላይ መንቀጥቀጡ ወደሚመጣበት ፍጥነት ይግቡ። ልክ ሲጀምር ቀኝ እግርዎን ከነዳጁ ሳያነሱ በግራ እግርዎ የፍሬኑን ፔዳል ነካ ያድርጉት፤ መኪናዋ እንድትቀዘቅዝ አይደለም፣ የፍሬን መብራቱ እንዲበራ ብቻ ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች ኮምፒውተሩ የፍሬን ምልክት ሲያይ መቆለፊያውን ወዲያው ይለቃል፤ የሞተሩ ዙር ትንሽ ከፍ ይላል። መንቀጥቀጡም በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ነገሩ ከመቆለፊያው ጋር እንደሚገናኝ አወቁ ማለት ነው። ከኋላ መኪና ሲኖር አይሞክሩት፤ ግራ እግርዎ ፍሬን መንካት ካልለመደ ደግሞ ሌላ ሰው ይንዳ። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር «ነካ» የሚባለውን አያውቅም፤ ይደፍቃታል።

ብዙ መካኒኮች እዚህ ላይ ቆመው ፍርድ ይሰጣሉ። አይበቃም። ሞተሩ የሚዘለው፣ ማለትም በተራው ነዳጁን ሳያቃጥል የሚያልፍ ሲሊንደር ካለው፣ መቆለፊያው ክፍት ሳለ ዘይቱ ንቅንቅታውን ይውጠዋል፤ ሲቆለፍ ግን ሞተርና ካምቢዮ አንድ ስለሚሆኑ እያንዳንዱ ዝላይ ወንበርዎ ድረስ ይመጣል። ፍሬኑን ሲነኩ መቆለፊያው ይለቃል፣ ንቅንቅታውም ይደበቃል። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ ማለት ነው። እኔም በጀማሪነቴ በዚህ ወድቄያለሁ። ካምቢዮ አውርጄ፣ አዲስ ኮንቨርተር ገጥሜ፣ ለሙከራ ስወጣ መኪናው እንደነበረው ተንቀጠቀጠ። ጥፋቱ ጎኑ የተሰነጠቀ አንድ የካንዴላ ኮይል ነበር፤ በእጅ የሚነቀል፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ያን ሳምንት የሠራሁት በነፃ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ ስካነር፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ ነው። ኮድ ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋ እየተነዳች የሚለዋወጠውን ቁጥር ለማየት ነው። ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የእያንዳንዱ ሲሊንደር የዝላይ ቆጠራ ነው፤ በመንቀጥቀጡ ሰዓት ከፍ የሚል ካለ ካንዴላና ኮይል ይቅደሙ። ሁለተኛው በሞተሩ ዙርና በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ዙር መካከል ያለው ልዩነት ነው። መቆለፊያው ሙሉ በሙሉ ያዝ በተባለበት ሰዓት ልዩነቱ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ በትንሹ እንዲንሸራተት በተደረጉት ካምቢዮዎች ጥቂት አሥሮች ዙር ይሆናል፣ ግን ተረጋግቶ ይቆማል። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ይህ ቁጥር የሚዘል ከሆነ የሚንሸራተተውን ፍሪሲዮን በዓይንዎ አዩት ማለት ነው። ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ ይጠፋል ማለትዎ ወደ መቆለፊያው ያደላል፤ ነዳጅ ሲበዛ ኮምፒውተሩ መቆለፊያውን ይለቃልና። የሚዘል ሲሊንደር ግን ጭነት ሲጨመርበት አብዛኛውን ጊዜ ይብሳል። ስካነሩን ማየት ግን አይቀርም።

ስለ ኮድም አንድ ነገር ልበል። ፒ0740 ወይም ፒ0741 ቢወጣ «ኮምፒውተሩ ኮንቨርተር ቀይሩ አለ» የሚል ሰው ይገጥምዎታል። ኮምፒውተሩ እንዲህ አላለም። የመጀመሪያው የመቆለፊያውን የኤሌክትሪክ መስመር ይከሳል፤ ሁለተኛው መቆለፊያው ያዝ ሲባል አልያዘም ይላል። አልያዘም ማለት ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ሶሌኖይድ ሊሆን ይችላል፣ የግፊት ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ፍሪሲዮኑም ሊሆን ይችላል።

ስታል ቴስት የሚባለው ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጁን እስከ ታች በመርገጥ ሞተሩ እስከ ስንት ዙር እንደሚወጣ ማየት ነው። ለዚህ ቅሬታ ምንም አይነግርዎትም፤ በቆመች መኪና ላይ መቆለፊያው አይያዝምና። የሚለካው የስታተሩን መያዣ፣ የካምቢዮውን የውስጥ ፍሪሲዮኖችና የሞተሩን ጉልበት ነው። ዙሩ ከተጻፈው በጣም ካነሰ ሞተሩ ደክሟል ወይም የስታተሩ መያዣ በሁለቱም አቅጣጫ ይለቃል፤ ከበለጠ ካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተት አለ። በዚያ ሰዓት የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ዘይት ማሞቅ ላይ ነው የሚውለው፤ ከ5 ሰከንድ ማለፍ የሌለበት ለዚህ ነው። ፍሬኗ ብትለቅ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ከቆመችበት ስትነሳ የምትለግም መኪና ብትሆን ኖሮ ባለሙያ ያሠራው እል ነበር። የእርስዎ አትለግምም።

የስታተር ነገር ከተነሳ፣ ግራ የሚያጋባ ተቃራኒ ጠባይ ስላለው ልጥቀሰው። መያዣው ከላላ መኪናዋ ለመነሳት ትቸገራለች፤ ፍጥነት ከያዘች በኋላ ግን ደህና ናት። መያዣው ከተጣበቀ ደግሞ አነሳሷ ያምራል፤ ፍጥነት ላይ ግን የታፈነች ይመስላል፣ ዘይቱም ይግላል። ሌላው ከመቆለፊያው ወገን የሆነ ምልክት፣ ልትቆም ስትል ሞተሩ ድፍት ብሎ መጥፋቱ ነው፤ ልክ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማንዋል መኪና እንዳቆሙ። መቆለፊያው አለመልቀቁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሶሌኖይድ ወይም የቫልቭ ጥፋት እንጂ የኮንቨርተር አይደለም።

ምርመራው ወደ መቆለፊያው ከመራ ቀጣዩ ዘይቱን ማየት ነው። መለኪያ ዘንግ ላላት መኪና አብዛኛው አሠራር ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ በፓርክ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ የሚለኩ አሉና መመሪያውን ይመልከቱ። መለኪያ የሌላቸው ዘይታቸው በተወሰነ የሙቀት መጠን ላይ ከሥር ባለ ብሎን ነው የሚለካው፤ ያለ ስካነርና ያለ ማንሻ አይሞከርም። ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡና ደቂቃ ይታገሡ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ በእኩል ከተሰራጨ ተስፋ አለ። ከጠብታው መሃል ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ዙሪያው ብቻ ከፈሰሰ ውስጡ የተበላ ፍሪሲዮን ዱቄት አለ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሽተው ያሽትቱት፤ የተቃጠለ ፍሬን ሸራ የሚሸት ከሆነ ዘይት ለውጥ ላይድን የሚችል ነገር ውስጥ ገብተናል። ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ሞተሩን ያጥፉና እንዳይነዷት። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተሰንጥቋል። ውሃው የፍሪሲዮኑን ወረቀት ያሳብጠዋል፣ ያጣበቀውን ሙጫም ያስለቅቀዋል። ማቀዝቀዣው ሳይቀየር የሚደረግ ዘይት ለውጥ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ያረጀ ዘይት ከተነካ ካምቢዮ ይሞታል» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ለዓመታት ዘይት ሳይቀይር ይነዳል፤ ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር ደንግጦ ይቀይራል፤ በወሩ ካምቢዮው ይቆማል፤ ተከሳሹ አዲሱ ዘይት ይሆናል። ካምቢዮው ግን ከዘይቱ በፊት ሞቶ ነበር። በወሬው ውስጥ ያለችው እውነት ትንሽ ናት፦ ለዘመናት በተረሳ ካምቢዮ ላይ በማሽን ግፊት እየገፉ ማጠብ የተቀመጠውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ጠባቡ የቫልቮች መንገድ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ በእርስዎ መኪና ላይ የግፊት እጥበት አልመክርም። በራሱ ክብደት የሚወርድ ዘይት መለወጥ ግን ማንንም አይገድልም።

ችግሩ አንድ ጊዜ መለወጥ የማይበቃ መሆኑ ነው። የታችኛውን ብሎን ሲፈቱ የሚወርደው ከካምቢዮው ሥር ባለው የዘይት ሳህን ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ኮንቨርተሩ የያዘው እዚያው ይቀራል። የድሮዎቹ ኮንቨርተሮች ማፍሰሻ ብሎን ነበራቸው፤ አብዛኞቹ የአሁኖቹ የላቸውም። ካምቢዮው በጠቅላላው 8 ሊትር ይዞ 4 ሊትር ቢወርድ ገና ግማሹ አሮጌ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግሙት አሮጌው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በሦስተኛው 12 በመቶ ገደማ ይቀራል። ለመቆለፊያ መንቀጥቀጥ ሦስት ዙር ነው የማስደርገው፤ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ቀን ይነዳል፣ ዘይቱ ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ እንዲቀላቀል። «ዘይት ቀይሬ ምንም አልተለወጠም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ አንዴ ብቻ የቀየሩ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ሳህኑ ይውረድ፣ ፊልትሩም ይቀየር። ሳህኑ ላይ ያለውን ማግኔት ጠርገው ይዩት፤ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ጥፍር ላይ የሚቆም የብረት ስንጣሪ ወይም ወርቃማ ቅርፊት ካገኙ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የወረደውን ዘይት በመጠን ይለኩት፤ መጀመሪያ የሚሞላው ያንኑ ያህል ነው፣ ትክክለኛው ልክ ግን ሲሞቅ ይረጋገጣል። መብዛቱም እንደ ማነሱ ነው፤ ማርሾቹ ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል።

ዘይቱ በመመሪያው ስሙ የተጠራው ይሁን። «ለሁሉም አውቶማቲክ ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጣሳ ለዚህ በሽታ አልጠቀምም፤ ጣጣው ያለው ዘይቱ ፍሪሲዮን በሚያስይዝበት ጠባይ ላይ ነውና። ካምቢዮዋ በቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሲቪቲዎች ኮንቨርተር አላቸው፣ በመቆለፊያው ሰዓትም ይንቀጠቀጣሉ፤ ዘይታቸው ግን ፍጹም የተለየ ነው፤ የመደበኛውን አውቶማቲክ ዘይት ሞልቶ ቀበቶውን ያስበላ ሰው አይቻለሁ። በትንሽ ቱቦ የሚሸጡት የመንቀጥቀጥ ማጥፊያዎች ውስጣቸው ያው የፍሪሲዮን ማለስለሻ ኬሚካል ነው። አንዳንዴ ይሠራሉ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት። እንደ ጥገና አላያቸውም፤ በአሮጌ ዘይት ላይ መጨመርም አሮጌውን ዘይት ማቆየት ነው።

ሦስቱ ዙር አልቆ፣ ካንዴላና ኮይሉ ንጹሕ ሆኖ፣ አሁንም ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ በሁለት ተከሳሾች መሃል መለየት ይቀራል፦ ግፊቱን የሚልከው ክፍልና ግፊቱን የሚቀበለው ፍሪሲዮን። የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ትእዛዙ ሲሰጥ በቂ ግፊት ከመጣና ፍሪሲዮኑ አሁንም ከተንሸራተተ ጥፋተኛው ኮንቨርተሩ ነው። ግፊቱ ካልመጣ ሶሌኖይዱና የቫልቭ ክፍሉ ይታዩ፤ በብዙ መኪናዎች ካምቢዮው ሳይወርድ ከሥር ይሠራሉ። ሳይለኩ ኮንቨርተር የሚያዙ ሰዎች ይህችን ግማሽ ቀን ለማትረፍ ሲሉ ነው ሁለት ቀን የሚያወርዱት።

ኮንቨርተሩን ፈትቶ ፍሪሲዮኑን መቀየር ይቻላል ወይ ላሉት፦ ይቻላል፣ ግን «መፍታት» የሚባል ነገር የለውም። ዙሪያው ብየዳ ስለሆነ በቶርኖ ይቆረጣል፤ ታጥቦ አዲስ ፍሪሲዮን ይለጠፍበታል፤ ኩሽኔታዎቹና የስታተሩ መያዣ ይታያሉ፤ እንደገና ይበየዳል፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል መሃል ላይ መዋላቸው ይለካል፤ መፍሰሱ ይፈተሻል፤ በመጨረሻም ሚዛኑ ይስተካከላል። ይህን ለብቻው የሚሠራ ማሽንና ሰው ያለው ቦታ ከሆነ የታደሰ ኮንቨርተር ከአዲስ አያንስም። በመፍጫ ከፍቶ በእጅ የሚበይድ ሰው ግን አይስጡት። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚዞር ዕቃ ትንሽ ቢዛነፍ መጀመሪያ የፊቱ የዘይት መከላከያ ጎማ (ሲል) ያፈሳል፣ ከዚያ ፓምፑ ይበላል። ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ኮንቨርተርም አልገጥምም፤ ውስጡ ምን እንደያዘ ማየትም ሙሉ በሙሉ ማጠብም አይቻልም።

መግጠሙ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጤነኛ ካምቢዮ የሚሞተው እዚህ ነው። ኮንቨርተሩ ወደ አንድ ሊትር ዘይት በውስጡ ከተጨመረለት በኋላ ገና መሬት ላይ ባለው ካምቢዮ ዘንግ ላይ ይገባል። በሁለት እጅ ይዘው ወደ ውስጥ እየገፉ ቀስ ብለው ያዞሩታል። አንዴ «ቀጭ» ብሎ ይወርዳል፤ ብዙዎች የገባ ይመስላቸዋል። ገና ነው። የስታተሩ ጥርስ፣ የተርባይኑ ጥርስና የፓምፑ ጥርስ በየተራ መግባት አለባቸው፤ በአብዛኛው ሦስት ጊዜ ይወርዳል፣ የመጨረሻው በእጅ መዳፍ ነው የሚታወቀው። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት በካምቢዮው አፍ ላይ ተጋድሞ ጥልቀቱ ይለካል፤ ከመመሪያው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አፍ ለአፍ ሲገጥም በኮንቨርተሩና በሞተሩ ስስ ቮላኖ (ኮንቨርተሩ በሚታሰርበት የብረት ዲስክ) መሃል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀርቶ ኮንቨርተሩ በእጅ ይዞራል። ካምቢዮው አልገጥም ብሎ በብሎን እየሳቡ የሚያስጠጉት ከሆነ ፓምፑን እየሰበሩት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ይታወቃል። ቮላኖውም በዚያው ይታይ፤ በብሎኖቹ ዙሪያ ከተሰነጠቀ ሞተር የሚያንኳኳ ይመስላል፣ ሰውን ብዙ ያሳስታል።

ኮንቨርተር ከተቀየረ የማቀዝቀዣው መስመር ይታጠብ፤ ፍሪሲዮኑ ዱቄት አውጥቶ ከሆነ ማቀዝቀዣው ራሱ ይቀየር። አዲስ ኮንቨርተር በአሮጌ ቆሻሻ ሲሞላ በጥቂት ወራት ተመልሶ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ለተበላው ፍሪሲዮን ሲል ያስተካከለው ግፊት በስካነር ተሰርዞ አዲሱን እንዲማር ይደረግ።

ካምቢዮው አብሮ ይቀየር የሚለው የመጀመሪያው መካኒክ ልክ የሚሆነው ሳህኑ ላይ የብረት ስንጣሪ ሲገኝ፣ ዘይቱ ተቃጥሎ ሲሸት፣ ወይም ማርሽ ሲቀያየር የሞተሩ ዙር እየሸሸ ከሆነ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ እድሳት ይጠየቃል። ከጻፉልኝ ውስጥ አንዱም የለም።

ምክሬ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ስካነር ይዞ አብሮዎት የሚነዳ ሰው ይፈልጉ፤ የዝላይ ቆጠራውንና የዙር ልዩነቱን አይታችሁ ተመለሱ። ሲሊንደር ካልዘለለና ዘይቱ ወረቀት ላይ ጤነኛ ከሆነ በትክክለኛው ዘይት ሦስት ዙር ያስለውጡ። እስከዚያ ድረስ ሌላ መኪና አይጎትቱባት፤ ዳገት ላይ በነዳጅ እየያዙ አያቁሟት፣ ፍሬን ይጠቀሙ። የመቆለፊያውን ሽቦ ነቅሎ መንዳትን «መፍትሔ» የሚሉ አሉ፤ መንቀጥቀጡ ይጠፋል፣ ዘይቱ ግን በረጅም መንገድ እየጋለ ካምቢዮውን ይጨርሰዋል። መብራት ላይ ማርሹን ወደ ኒውትራል ማውጣትም ለዚህ አይረዳም፤ ቆማ ሳለ መቆለፊያው ክፍት ነው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ 1,000 ኪሎ ሜትር ነድተው ያንኑ የስካነር ቁጥር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ያስለኩት። ከተረጋጋ ካምቢዮዎን አይንኩት፤ ከዘለለ የግፊት መለኪያው ይገጠም።